አሥራ አንድ እርምጃ

መጀመሪያ የከፈትኩት ኦፋቂም ነበር፤
ኪራዩ ርካሽ፣ ደጁ ሰፊ፣ ተፎካካሪ የሌለበት አገር።
«ብቻህን ስትሆን ገበያው ያንተ ነው» ብሎ
የመከረኝ አጎቴ ይርጋ ነው፣ ጣቱን ካርታው ላይ ተክሎ።

እውነቱን ነው፤ ብቻዬን ነበርኩ።
ስምንት ወር ሙሉ የገዛ ደጄን እያየሁ
ሦስት የስፌት መኪና ጠገንኩ፤ አንዱን በዱቤ ተበላሁ።
ልብስ ሰፊዋ ባዜ ከነቲቮት መጥታ፣
መኪናዋን አስቀምጣ፣ ዓይኗን ባዶው ግድግዳ ላይ አንከራትታ፣
«ዚፕስ?» አለችኝ። የለም።
«ክር፣ ባለ ወርቁ?» እሱም የለም።
«ታዲያ ለመርፌ ብቻ ማን አውቶቡስ ይሳፈራል?»
ብላኝ ሄደች።
ልክ ናት። ማን ይሳፈራል?

ከዚያ ነው ጠቅልዬ ቴል አቪቭ የገባሁት፣
ናሐላት ቢንያሚን፣ ጨርቅ ከጨርቅ በሚጋፋበት፣
ኪራዩ ሦስት እጥፍ ሆኖ ላብ በሚጠጣበት።
ያውም ከተቀናቃኜ ከግሪሻ ግድግዳ ለግድግዳ!
አጎቴ ሲሰማ፣ «ይሄ ልጅ በእግሩ ሄደ ወደ ዕዳ» አለ።

የሆነው ግን ሌላ ነው።
ግሪሻ አሥራ ስድስት ቁጥር መርፌ ሲያልቅበት
ግድግዳውን በጣቱ ይመታል፤ «እዚያ ጠይቅ» ይላል ለመጣበት።
እኔም የፋብሪካ ሞተር ሲያቅተኝ ወደሱ እልካለሁ፤
በመነጽሩ ሥር ሲስቅብኝ እያየሁ።
ናጂ ደግሞ አለ፣ ከደጄ አሥራ አንድ እርምጃ፣
አዝራሩን ጠረጴዛ ላይ የሚያነጥፍ እንደ ስጋጃ።
ደንበኛ ለአዝራር መጥታ ክር ቤት ትገባለች፣
ክር ስትመርጥ ጨርቅ ታያለች፣
ጨርቁ መኪናዋን ያስታውሳታል፤ እኔ ጋ ትደርሳለች።

ወሬውስ? የትኛው ቀለም ዘንድሮ ሄደ፣
የማን ቼክ ከባንክ ተመልሶ ተዋረደ፣
መርከቡ አሽዶድ ወደብ ስንት ቀን ቆመ፤
ማንም ሳያስተምር ሁሉም እየሰማ ከረመ።
ይህ ደረሰኝ አይቆረጥለትም።

ከሩቅ ለሚያይ፣ በአገር ካርታ፣ ከተማዋ አንዲት ነጥብ ናት፤
ወደቡ፣ ባቡሩ፣ አውራ ጎዳናው የተቋጠረባት።
ቀረብ ሲሉ ሰፈር ነው፣ ሠራተኛው ከባት ያም
በማለዳ የሚጎርፍበት።
አፍንጫውን አስጠግቶ ላየ ግን፣ በእግር ነው የሚለካው፤
ናጂ መዝጊያውን ሲያነሣ በሚሰማኝ ሲጢጥታው።
አጎቴ በነጥቡ መከረኝ፤ እኔ የኖርኩት በእርምጃው።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላሉ የኛ ሰዎች።
እኛ ያሰርነው የወር ኪራይ ነበር፤
እሱም አንድ ቀን ገመዱን በጠሰ።
የሕንጻው ባለቤት መጣ፣ በሜትር የሚለካ።
ለካ
የኛው መሰብሰብ ነው ጎዳናውን ያስወደደው፤
እኛው የቆሰቆስነው እሳት እኛኑ አነደደው።

መጀመሪያ የሄደው ናጂ ነው፣ ሖሎን፣ ከፋብሪካዎች መሐል፤
የአዝራር ጠርሙሶቹን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣
«ና» አለኝ፣ «ቦታ አለ፤ እዚያ ይቀላል።»
«ግሪሻ ካልሄደ» አልኩ።
ግሪሻም ለካ «ስመኘው ካልሄደ» ይል ነበር፤
እንዲህ ተያይዘን ቆመን፣ ሰፈሩ ሲተረተር፣
ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ፣ በየወሩ አንድ በር።
በፋሲካ ማግስት ግሪሻም ዘጋ።
«ዕድሜ ነው» አለኝ። ዕድሜ አልነበረም።

ትናንት አንዲት ልጅ ገባች፣ የሙሽራ ቀሚስ በክንዷ፤
«የዕንቁ አዝራር የት አገኛለሁ?»
ጣቴ ቀድሞኝ ተነሣ፤
«በስተቀኝ» አልኳት፣ «አሥራ አንድ እርምጃ።»
አመሰገነችኝ። ወጣች።
ቆይቶ ነው የታወሰኝ።
ስወጣ አየኋት፣
ናጂ ደጅ፣ የአይስክሬሙ ሰልፍ መጨረሻ ላይ፣
ቀሚሱን እንደ ሕፃን ታቅፋ
ተራዋን ስትጠብቅ።